ቡናውን አስገቡት

ከሁለት ወር በፊት በዚህ አምድ ላይ ስለ አንዲት ወላድ ጽፌ ነበር። ነገሩ በኅዳር 1983 ዓ.ም. እዚሁ ሸዋ ቤንች አካባቢ፣ እሠራበት በነበረ ጤና ጣቢያ የሆነ ነው። ላላነበባችሁ ባጭሩ ልድገመው። ሌሊት በቃሬዛ መጣች፤ ወለደች፤ ደሙ አልቆም አላት፤ ሊነጋ ሲል አረፈች። ሕፃኗን የምንጠቀልልበት ደረቅ ጨርቅ ጠፍቶ ዘበኛችን ካፖርቱን አውልቆ ሰጠን። መጨረሻው ላይ እናትየው ዓይኗን ወደ ላይ አንሥታ «ልጄን አደራ» እንዳለች ጻፍኩ።

ጽሑፉ ተወደደ። የአምዱ አዘጋጅ ደውሎ «ሲስተር፣ አስለቀሱን እኮ» አለኝ። ሦስት አንባብያን በእሱ በኩል መልእክት ላኩልኝ፤ ሦስቱም የጠቀሱት ያቺን «ልጄን አደራ» የምትለዋን ነው። ስለ ካፖርቱ ያነሣ የለም። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የበሽተኛ ካርድ ስጽፍ ኖሬ አንድም ሰው «ካርድሽ አስለቀሰኝ» ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ የምጽፈው ያንን ጽሑፍ ለማረም ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና አቅርቤ ሳለ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ «የሲስተር ቤት ይህ ነው?» አለች። ጋዜጣውን አጣጥፋ ይዛዋለች። እኛ ዘንድ ጋዜጣ የሚደርሰው ቀኑ አልፎ ነው፤ ከዚያ በኋላም ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር የወር ጋዜጣ እንኳ አዲስ ነው። ግቢ አልኳት። ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ስኒ እስክትጨርስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተናገረችም። ስኒውን ስታስቀምጥ «ካፖርቱ ውስጥ የተጠቀለልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

እጄ ላይ ጀበና ነበር። መልሼ ምድጃው ላይ ጣድኩት።

አሁን 34 ዓመቷ ነው፤ ሚዛን አማን ታስተምራለች። ስሟን አልጽፍም፤ ሌላውን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። ያሳደገቻት የእናቷ እህት ናት። አክስትየዋ ስትቆጣትም ስታቆላምጣትም «አንቺ የካፖርት ልጅ» ትላት ነበር። ሠፈሩም ያንኑ ይዞ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተጠርታበታለች። ስለዚህ ጋዜጣው ላይ «ካፖርት» እና «1983» የሚሉትን ባየች ጊዜ እናቷን አወቀቻት።

ልታመሰግነኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጋዜጣውን ዘርግታ ጣቷን መጨረሻው ላይ አሳረፈችና «ሲስተር፣ ይህን እናቴ ስትል በጆሮዎ ሰምተዋል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ከጅማ ተመድቤ ወደዚህ ስመጣ አንድ የቤንችኛ ቃል አላውቅም ነበር። ቤንችኛ ደግሞ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለዋወጥበት ቋንቋ ነው፤ ያንኑ ቃል ከፍ አድርገው ሲሉትና ዝቅ አድርገው ሲሉት ሌላና ሌላ ነገር ይሆናል። ቅላጼው ራሱ ቃሉን ስለሚለይ በፉጨት ብቻ መነጋገርም ይቻላል። አንደኛው ካንደኛው ኮረብታ ሲፏጭለት ወፍ የሚያባርር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ «ነገ ደቦ ነው፣ እንዳትቀር» እያለው ኖሯል። ዛሬም ከሰላምታና «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ» ከማለት ብዙ አልዘልቅም፤ በዚህ አፍራለሁ። በዚያን ጊዜ አስተርጓሚያችን ዘበኛው ነበር። ነፍሱን ይማረውና ከበሽተኛ በፊት የሚጠራው እሱ ነው። የሚያስተረጉመው ግን እያሳጠረ ነበር። በሽተኛው ሩብ ሰዓት ይናገራል፤ እሱ «ሆዱን ነው» ይለኛል። ለሥራው ይበቃን ነበር። መርፌ ለመውጋት «ሆዱን ነው» በቂ ነው።

ያን ሌሊት ሴትየዋ ስትናገር ሰምቻለሁ። ብዙ ተናገረች። እኔ ከታች ማህፀኗን እያሸሁ ነበር፤ ማህፀን እንዲኮማተር የሚሰጠው መርፌ የቀረን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ሰጥቻታለሁ። ግሉኮሱ በፋኖስ ብርሃን ይወርዳል። ደም የሚሰጥበት ቦታ ሩቅ ነው፤ መኪናው ቆሟል፤ ዝናብ ይዘንባል። ቀና ብዬ «ምን አለች?» አልኩት። ዘበኛው ፊቱን አዙሮ «ስለ ቤቷ ነው» አለኝ። ይህን ብቻ ነው የሰማሁት።

ለልጅቷ ያልኳትም ይህንኑ ነው። አልሰማሁም። «ስለ ቤቷ ነው» ተባልኩ።

«አክስቴ ጭንቅላቷን ይዛ ነበር» አለችኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ የኖረችው ሌላ ነው።»

እናትየው የተናገረችው ስለ ቡና ነው። ለቀማው ሞቅ ያለበት ጊዜ ነበር፤ ጀንፈሉ ደጅ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ቀርቷል። ዝናቡ ሲጀምር እሷ በምጥ ላይ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ቃሬዛ ስር። «ቡናውን አስገቡት፤ ሲሻግት ማንም አይገዛችሁም» አለች። ቀጥላ ለአንድ ጎረቤት ያበደረችው ቡና እንዳለ፣ ምስክሩ ማን እንደሆነ ተናገረች። ነጋዴው ኅዳር ላይ በየቤቱ እየዞረ እንደሚመጣና ዋጋ ዝቅ እንደሚያደርግ አስታወሰቻቸው። «አትስጡት፤ ጥር ላይ ሽጡት» አለች። ስለ ሕፃኗ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴት ናት ሲሏት «እግሯን አሳዩኝ» አለች። አሳዩዋት።

ዓይኗን ወደ ላይ አላነሣችም። እግሩን ነው ያየችው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ነርስ ነኝና፣ ወይም የቡና አገር ሰው ሆኛለሁና፣ «ጥር ላይ ሸጡት?» ብዬ ጠየቅኋት። «የለም» አለች። «ለተዝካሩ ገንዘብ ስላልነበረ ኅዳር ላይ ለዚያው ነጋዴ ሰጡት።»

ልጅቷ አልተቆጣችኝም። የተናገረችው ይህን ነው፦ «የጻፉት ያምራል። ግን ማንም እናት ልትለው የምትችለው ነው። አክስቴ የምትነግረኝ እናቴ ብቻ የምትለውን ነበር። እኔ እናቴን የማውቃት በዚያ ብቻ ነው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ልጄን አደራ» የሚለውን ከየት አመጣሁት? አስቤ የዋሸሁት ነገር አይደለም። ስጽፍ እንደሰማሁት ሆኖ ነው የመጣልኝ። መልሼ መላልሼ ሳየው ግን በፊልም ያየኋቸው፣ በሬዲዮ ድራማ የሰማኋቸው እናቶች ሁሉ እንደዚያ ብለው ነው የሚሞቱት። አንድ ባዶ ቦታ ነበረኝ፤ «ስለ ቤቷ ነው» የሚል፤ ያንን ባዶ ቦታ ሌላ ሰው በጻፈው ሞት ሞላሁት።

ይህ እኔን የሚያሳፍረኝ በሌላም ምክንያት ነው። በዚህ አምድም፣ ትምህርት ቤት ተጋብዤ በሄድኩበትም፣ «ያላየ አይጻፍ፣ የኖረበት ይጻፈው» ስል ኖሬያለሁ። የሰው ልጅ ኑሮ የሌለበት መጽሐፍ እንደ ውሃ ቡና ነው ብዬም ተፈላስፌያለሁ። እኔ አይቻለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ እጄ ደም ውስጥ ነበር። ሆኖም የጻፍኩት አዲስ አበባ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊጽፈው የሚችለውን ነው።

በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች ስለ መጻሕፍት የማውቀውን ያስተማረኝ ይኸው ዘበኛ ነው። ማታ ማታ ተረኛ ስሆን የእኔን ሬዲዮ እንከፍት ነበር። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አንዳንዴም በጥርሳችን ነክሰን እናሠራዋለን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው የሰማነው እንደዚያ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ታሪኩ የጎጃም ነው። ዘበኛው ጎጃምን በካርታም አያውቀውም። ፊታውራሪ መሸሻ ጋ ሲደርስ ግን ሬዲዮውን ወደ ጆሮው ያስጠጋል። አንድ ማታ «ሲስተር፣ ይህ ጸሐፊ እኒህ ሰውዬ ቤት ሠርቷል እንዴ?» አለኝ። የለም፣ የፈጠራ ታሪክ ነው አልኩት። አላመነኝም። አባቱ በንጉሡ ጊዜ ገባር ነበር፤ ለባለመሬቱ ማር ሲያስገባ፣ ሰፈሩ ጎደለ ተብሎ ሲመለስ አይቷል። «እንደዚህ አድርጎ የሚቆጣውን ሰው ካላየው ከየት ያመጣዋል?» አለ።

ልክ ነበር። ሐዲስ ያደጉት ጎጃም ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩትም እዚያው። የቆሎ ተማሪውን ኑሮ፣ የባላባቱን ቤት ሥርዓት፣ የገበሬውንና የጌታውን ክርክር በሩቅ የሰሙት አይደለም። ደግሞ ለእኛ አገር ሰው የሚቀርብ አንድ ነገር ልጨምር። ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትመጡ የምትሻገሩት የጎጀብ ወንዝ አለ አይደል? ራስ እምሩ ከጣሊያን ጦር ጋር እየተዋጉ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈግፍገው በመጨረሻ እጃቸውን የሰጡት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ነው። ሐዲስም ከራስ እምሩ ጋር ከዘመቱት አንዱ ነበሩ፤ ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች ተወስደው ለዓመታት ታስረዋል። የዚያን ጊዜ ትዝታቸውን ግን ወዲያው ለመጽሐፍ አላቀረቡም። ልብ ወለዱ ቀድሞ በ1958 ወጣ፤ «ትዝታ» የተባለው መጽሐፋቸው የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከጎጀቡ ታኅሣሥ 56 ዓመት ቆይቶ። እኔ 34 ዓመት ቆይቼ እንኳ ተጣደፍኩ።

የበዓሉ ግርማ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እሱም ከዚህ ከቡናው አገር ነው፤ ኢሉባቦር ነው የተወለደው። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ይሠራ ስለነበር በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄደ። ያየውን ይዞ «ኦሮማይ»ን ጻፈ፤ በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ባለሥልጣኖች ራሳቸውን ገጹ ላይ አገኙት። ስሙ ተለውጧል፤ ነገር ግን አነጋገሩ፣ አካሄዱ፣ ድክመቱ ሁሉ የእነሱ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ አስከሬኑ አልተገኘም።

ሁለቱን ሳስተያይ ነው ሌሊቱን የተገላበጥኩት፤ እኔን ከበዓሉ ጋር ማስተያየት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። በእሱ ላይ ሰው የተነሣበት «ይህ እኔ ነኝ» ብሎ ነው። ወደ እኔ የመጣችው ልጅ ግን «ይህቺ እናቴ አይደለችም» ብላ ነው የመጣችው። እሱ ለእውነቱ በሕይወቱ ከፍሏል። እኔ ደግሞ ለውሸቴ ምስጋና ተቀብያለሁ።

ከጤና ባለሙያዎች መካከል ጸሐፊ ሲነሣ ሰዎች ሩሲያዊውን ሐኪም ቼኾቭን ይጠቅሱልኛል። እኔ ከእሱ የማደንቀው ተውኔቶቹን አይደለም፤ እነሱን ብዙም አልወዳቸውም፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ያዝናል። የማደንቀው እ.ኤ.አ. በ1890 ሳካሊን ወደምትባል፣ እስረኛ ወደሚጋዝባት ሩቅ ደሴት ሄዶ የሠራውን ነው። ካርድ አሳትሞ ከቤት ቤት እየዞረ እስረኛውንና ሰፋሪውን ራሱ ጠየቀ፤ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ካርድ ሞላ። ስምህ ማን ነው፣ ዕድሜህ ስንት ነው፣ ከየት መጣህ። ጠቃሚው ካርዱ ብቻ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ሰው ፊት መቆሙ፣ መጠየቁ ነበር። ከዚያ ነው መጽሐፉን የጻፈው።

እኔ የዚያች ሴት ካርድ ላይ የጻፍኩትን አስታውሳለሁ። «ዘግይታ የመጣች» ብዬ ነው የጀመርኩት። ይህ እኛ ዘንድ የተለመደ አጻጻፍ ነው፤ ስንቱን ካርድ በዚህ ጀምሬያለሁ። ጥፋቱ ከጤና ጣቢያው ላይ ይነሣና በሽተኛዋ ላይ ይቀመጣል። ልጅቷን ለምን እንደዘገዩ ጠየቅኋት። ያን ቀን የመሻገሪያውን ግንድ ጎርፍ ወስዶት ነበር። ቃሬዛውን ይዘው ውሃው እስኪጎድል ከወንዙ ማዶ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት። የእኛ ፋኖስ ከማዶ ይታያቸው ነበር። 34 ዓመት ሙሉ ይህን አላውቅም ነበር። ማንንም ስላልጠየቅኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ቀርቷል፤ ይህንን በመጀመሪያው ጽሑፌ ያወቅኩት ነገር ሆኖ ነው የዘለልኩት። ያኔ በሩ ላይ ሲደርሱ ጮኼባቸዋለሁ። «እስካሁን የት ነበራችሁ? ልትሞት ስትል ነው የምታመጧት?» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። ዘበኛው ያንን አላስተረጎመውም። ማስተርጎም አያስፈልገውም ነበር። አክስትየዋ ዛሬም ድረስ ታስታውሰዋለች። ልጅቷ «ጮኸችብን ትላለች፤ ግን እስከ ንጋት እጇን ከእህቴ ላይ አላነሣችም ትላለች» አለችኝ። በጋዜጣው ላይ ሁለተኛውን ብቻ ጽፌ ነበር።

ጡረተኞች ስለ ሥራ ዘመናችን ስንጽፍ ይህ ይገጥመናል መሰለኝ፤ አስተማሪውም፣ ወታደሩም፣ ሾፌሩም። የነበርንበትን ሁሉ ያየነው ይመስለናል። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ያየሁት በእውነት ስንት ነው? ማህፀን፣ ግሉኮስ፣ ፋኖስ፣ ካፖርት። እነዚህን ስጽፍ አልተሳሳትኩም፤ ልጅቷም ያወቀችኝ በካፖርቱ ነው። ከዚያ ያለፈውን ሌላ ሰው ነበር የያዘው። ከእኔ ቤት በእግር የግማሽ ቀን መንገድ፣ አንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መሄድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ባለፉት ዓመታት በዚያ በኩል ለክትባትም፣ ለለቅሶም ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህን ሲያነቡ «ልብ ወለድ እኮ መፍጠር ይፈቀድለታል» ይሉኝ ይሆናል። ይፈቀድለታል። ሐዲስም ፈጥረዋል፣ በዓሉም ፈጥሯል። እነሱ ግን ፈጠራቸውን ያቆሙት በሚያውቁት ነገር ላይ ነው፤ ዘበኛው ካላየው ከየት ያመጣዋል ያለውም ለዚህ ነው። የእኔ ፈጠራ የመጣው ማወቅ ሲገባኝ ካላወቅሁት ቦታ ነው። ደግሞ ያቺ ሴት የእኔ ገጸ ባሕርይ አይደለችም፤ ልጅ አላት፣ እህት አላት፣ ያበደረችው ቡና አለ።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለልጅቷ በስልክ አነበብኩላት። ሦስት ቦታ አስቆመችኝ። መጀመሪያ «ድሃ ሴት» የሚል ነበረበት፤ «እናቴ ቡና ነበራት፤ ድሃ አይበሉብኝ» አለች፤ አወጣሁት። ሁለተኛ፣ ዘበኛው «ስለ ቤቷ ነው» ያለው ለማሳጠር ሳይሆን ምናልባት በእኔ ፊት ስለ ብድር ማውራት አሳፍሮት ይሆናል አለች፤ ይህ እሷ የምታስበው ነው፤ እኔም ሊሆን ይችላል ብያለሁ።

ሦስተኛው ላይ ስልኩን ለአክስቷ ልስጣት አለችኝ። አክስትየዋ ቤት ሆና ነው ለካ ስትሰማኝ የነበረው፤ ለእሷም እያስተረጎመችላት። አክስትየዋ በቤንችኛ ብዙ ተናገረች። ልጅቷ ግን እንደ ዘበኛችን አላሳጠረችውም። «ለጎረቤት ያበደረችው ቡና ስንት እንደነበረ አልጻፉም ትላለች» አለችኝ። «አራት ጣሳ ነው። ሰውየው የመለሰው ሦስቱን ብቻ ነው። አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ይጻፍልኝ ትላለች።»